መልስ፦ አሜሪካ ቬትናም የገባችው መርከቧ ስለተመታ ነው?
ኧረ ወንድሜ መርከቧ ሳትመታ በፊት ነው የገባችው! እ.ኤ.አ በ1954 ጄኔቫ ስብሰባ ላይ አገሪቱ "ለጊዜው ነው" ተብሎ 17ኛው ፓራለል (የኬክሮስ መስመር) ላይ ለሁለት ተከፈለች፣ በ56 ምርጫ ይደረጋል ተብሎ ነበር፣ የደቡቡ መሪ ዲየም ግን እምቢ አለ አሜሪካም ደገፈችው፣ የሰሜኑ ኮሚኒስት መሪ ሆ ቺ ሚን እንዳያሸንፍ ፈርተው ነዋ። ከዛ በቃ ወታደር "አማካሪ" እያሉ መላክ ነው፣ ፕሬዝዳንት ኬኔዲ ሲሞት 16 ሺህ ገደማ ደርሰዋል (16 ሺህ አማካሪ ምን ሊያማክር ነው 😀)። አንተ ያልከው የመርከቧ መመታት፣ የቶንኪን ባህረ ሰላጤው ነገር ኦገስት 1964 ነው፣ የመጀመሪያው ተኩስ እውነት ነው፣ ከሁለት ቀን በኋላ ተደገመ ያሉት ግን ራዳርና ሶናር ያሳሳታቸው ነው፣ ኮንግረስ ግን እሱን ይዞ ለፕሬዝዳንት ጆንሰን ጦር የማዝመት ስልጣኑን ሰጠው። ማርች 65 የአሜሪካ ማሪኖች (የባህር እግረኛ ወታደሮች) ደቡብ ቬትናም ዳናንግ ባህር ዳርቻ ጠመንጃቸውን ይዘው ሲወርዱ የጠበቋቸው የአበባ ጉንጉን የያዙ ልጃገረዶች ናቸው።