የመስኮቱ ደፍ ቫርኒሽ ለምን ይላጣል?

«የቤታችን መስኮቶች የጥድ ናቸው፤ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ያሉ። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ደፋቸውን ቫርኒሽ እቀባለሁ። ጥቅምት ሳይገባ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ቫርኒሹ አስመስሎ የተሠራ ይሆን?» ሲሉ የጠየቁኝ አንዲት የአዲስ አበባ እናት ናቸው።

እናቴ፣ ቫርኒሹን አይርገሙት። ጥፋቱ ከቀኑ ነው። ጳጉሜ ላይ እንጨቱ የክረምቱን ውሃ ጠጥቶ ነው የሚጠብቅዎት። ላዩ በአንድ ቀን ፀሐይ ደረቅ ይልና ያታልላል። ያኔ ሲቀቡት ውሃውን ክዳን ገጠሙበት ማለት ነው። የመስከረም ፀሐይ ሲያሞቀው እርጥበቱ መውጫ ፈልጎ ቫርኒሹን ይገፋዋል። ዘንድሮ በዓሉ በአሮጌው ይለፍ፤ ሥራው ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ይሁን።

የተነሳውን በስፓቱላ ይፋቁ። ከዚያ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ120፣ የእንጨቱን መስመር ተከትለው ይፈግፍጉ። ግራጫ የሆነውን አይለፉት። ፀሐይ የገደለው ሽፋን ነው፤ የተቀባበትን ሁሉ ይዞ ይነሳል። የጥዱ ቅላት እስኪወጣና ሽታው እስኪያውድዎት ድረስ ነው። ከሥር የድሮ ቀለም ካገኙ ግን እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አይፈግፍጉ፤ አርጥበው፣ አፍንጫዎን ሸፍነው፣ ልጆችን አርቀው።

አሁን ካቻቢቴ ይዘው ደፉን ጫን ጫን ያድርጉት። ያለ ትግል ከገባ በስብሷል። እኔ በጀማሪነቴ እንዲህ ያለውን ቀዳዳ በሰጋቱራና በነጭ ኮላ ደፍኜ ነበር። በመጀመሪያው ክረምት ገንፎ ሆኖ ወጣ፤ ባለቤቱ ዛሬም ሲያገኙኝ ይስቁብኛል። የበሰበሰውን በመሮ አውጥቶ ደረቅ እንጨት መትከል ነው የሚያዛልቀው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሁለቱን ጫፎች ነው። የተቆረጠ የእንጨት ጫፍ ውሃ የሚስበው እንደ ሸምበቆ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጫፎቹን፣ ጠጡት ባሉ ቁጥር እየደገሙ ይቀቡ። ጎንበስ ብለውም የደፉን ሆድ ይዩ። ከፊት ጠርዙ ትንሽ ገባ ብላ ቀጭን ቦይ ከሌለች አናጢ በመጋዝ ያውጣልዎት። ውሃው ወደ ግድግዳው ሳይሳብ እዚያው የሚንጠባጠበው በሷ ነው።

ቫርኒሹ ለውጪ የሚሆን ይሁን፤ የሶፋው ፀሐይና ዝናብ አይችልም። የመጀመሪያውን ዙር በአኳራጃ ትንሽ አቅጥነው እንጨቱ ይጠጣ። ከዚያ ሳይቀጥን ሁለት ዙር፣ በመካከሉ አንድ ቀን እያደረ፣ በ180 ቁጥር ወረቀት በስሱ እየዳሰሱ። ሆዱንም አይርሱ። ደፉና ግድግዳው የሚገናኙበትን ስንጥቅ መጨረሻ ላይ በሲሊኮን ይድፈኑት።

ደግሞ ደፉ ላይ የጤና አዳም ጣሳ ካለ ያንሱት። ከሥሩ ክብ ጥቁር ምልክት ካገኙ ውሃው በየት እንደገባ አወቁ ማለት ነው።