እንሶስላው በበጋ ደረቀ፣ ልንቀለው ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ዳንግላ ከተማ ባለው ግቢሽ ያለውን እንሶስላ እንዳትነቅይው! ከላይ ያለው ግንዱ ነው የሚጠፋው እንጂ ስሩ አፈር ውስጥ ተኝቶ ይከርምና ዝናብ ሲገባ ራሱ ያቆጠቁጣል። ጥላና እርጥበት ነው የሚወደው፣ ፀሐይ ከበዛበት ቅጠሉ ጥውልግ ነው የሚለው፣ ስለዚህ ዛፍ ስር ወይ ከቤት ጀርባ ፍግ ጨምረሽ ብታረጊው አሪፍ ነው። ማባዛት ከፈለግሽ ስሩን ቡቃያ ያለውን እየመረጥሽ ቆርጠሽ ሰኔ ላይ ትከይ። አበባው እኮ ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ላይ ወይን ጠጅ መስመር አለው፣ ደሞ ሲመሽ ሽታው ደስ ሲል! ፍሬው ሲደርስ ነካ ካረግሽው ፈንድቶ ዘሩን ይበትነዋል። እጅና እግር የሚያቀላው ስሩ ነው፣ ተወቅጦ ታስሮበት ሲያድር፣ ግን ስትቆፍሪ ሁሉንም አታውጪ ግማሹን ለዘር ተይው በናትሽ።