ዓይነ አፋር ናት ወይስ ታማለች?

እህቴ፣ የ14 ዓመት ልጅሽ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዓይነ አፋር እንደሆነች፣ አሁን ግን ትምህርት ቤት አልሄድም እንዳለችሽ ጽፈሻል። «ጠባይዋ ነው ወይስ ሕመም?» ብለሽ ለጠየቅሽው ባለሙያ አይደለሁም፤ በልጄ ያየሁትን ልንገርሽ።

ልጄ ጨቅላ ሆኖ እንግዳ ሲያቅፈው ድምፁ እስኪዘጋ ያለቅስ ነበር። ከፍ ሲልም ከቀሚሴ ሥር አይወጣም። ጎረቤቱ ሁሉ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው» ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ሲገባ ምሳ ዕቃው እንደተቋጠረ ይመለስ ጀመር። እንጀራው ደርቆ፣ ወጡ ሳይነካ። አልጣፈጠው ይሆናል ብዬ ቅቤ ጨመርኩበት። ለካ ሰው እያየው መጉረስ አቅቶት ነው። ጠዋት ጠዋት ሆዴን ቆረጠኝ ይላል፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ደህና ነው። ይህን ሳላስተውል ዓመት አለፈ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ተፈጥሮው በሽታ አይደለም። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የነበረው ጀሮም ኬገን ለአራት ወር ሕፃናት አዲስ አዲስ ነገር እያሳየ ሲያጠና፣ ከ5ቱ 1 ያህሉ ይወራጭና ያለቅስ ነበር። እንዲህ ያሉ ልጆች ሲያድጉ በጭንቀት የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ይላል፤ አብዛኞቹ ግን አይታመሙም። ሰው ፊት የመቅረብ ጭንቀት ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም በልጅሽ ዕድሜ አካባቢ ነው። ጭምት ልጅ ጓደኛው ጥቂት ቢሆንም ይበላል፣ ይተኛል፣ ይማራል። ፍርሃቱ እነዚህን ሲነጥቀው ነው ሕክምና የሚያስፈልገው።

እኔ አዝኜለት ቤት አስቀረው ነበር። ሰው ሲያናግረው የምመልስለት እኔ ነኝ። በሸሸ ቁጥር ለዚያ ቀን ይቀለዋል፤ በማግስቱ ፍርሃቱ ብሶ ይመጣል። የአባቱ ቁጣም አባሰው። የረዳን በባለሙያ ምክር ቀስ በቀስ ማለማመድ ነው። መጀመሪያ ከሱቅ ዳቦ መግዛት። የመጀመሪያ ቀን ሰው ተሰልፎ ሲያይ ባዶ እጁን ተመለሰ። ምንም አላልኩትም። በሦስተኛው ቀን ሁለት ዳቦ ይዞ መጣ፤ ፌስታሉን የጨበጠበት እጁ በላብ ርሷል። ከዚያ ከአንድ ጓደኛው ጋር ምሳ መብላት። ወራት ፈጀ። ዛሬም ዝምተኛ ነው፤ ምሳ ዕቃው ግን ባዶውን ይመለሳል።

ጸበል ብትወስጃት እኔም ወስጄዋለሁ፤ ሐኪሙን ግን አታስቀሪ። «መሞት ይሻለኛል» ካለችሽ ወይም ራሷን ከጎዳች ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ። ብቻዋን ሳትተያት በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰጃት።