ሁለት አካል የሚጠብቅ የሰው ድርሻ ይወስዳል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከባሕር ዳር ነኝ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ጉበቱም ኩላሊቱም ደክሞ፣ ሁለቱንም ከአንድ ሟች ለማግኘት ወረፋ ይጠብቃል። ቶሎ እንዲደርሰው ለጊዮርጊስ ጥላ ተስያለሁ። ጎረቤቴ ግን «የሰው ሞት እየለመንሽ እኮ ነው፤ ደግሞ የሁለት ሰው ድርሻ ለአንድ!» አለችኝ። «ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል» የሚለውም ከበደኝ። ስለቴን ልተወው?

መልስ፦ እኅቴ፣ አትተዪው።

«የሰው ሞት መለመን» የሚለውን ስንቴ ሰማሁት! ወረፋውን ስለማናውቀው ይመስለኛል። በጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ እኛ ያየነው እናት ለልጇ፣ ወንድም ለእኅቱ ሲሰጥ ነው። ሰጪው ቆሞ ይሄዳል። አሜሪካ ግን ከሟችም ይወሰዳል። ያ ሰው በአንቺ ስለት አይሞትም። ባትሳዪም ቀኑ አይቀርለትም። የለመንሽው አፈር የሚበላው አካል ሰው እንዲያድን ነው።

የሉቃስ 3፥11 ቃል ደግሞ ላለው ሰው የተነገረ ነው። ወንድምሽ የቱ አለውና ያካፍላል? ጉበቱን ብቻ ተቀብሎ ኩላሊቱ እንቢ ካለ፣ ጉበቱም አብሮት ሊቀበር ይችላል።

ጎረቤትሽ ግን ጨርሳ አልተሳሳተችም። ያቺን ኩላሊት የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ። እዚሁ ባሕር ዳር በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት የኩላሊት እጥበት ላይ የሚተኛ ወንድም ልጠይቅ ሄጄ፣ ለእጥበቱ ደም ሥሮቹ የተጋጠሙበትን ክንዱን አስነካኝ። ከቆዳው ሥር ደሙ እንደ ቀፎ ንብ ያጉረመርማል። እጄን ቶሎ አነሳሁ፤ እሱ ሳቀብኝ።

አሜሪካኖቹም ይህን አስበውበታል። በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ደንብ ጉበት ጠባቂ ሁሉ ኩላሊት አይደረብለትም፤ ኩላሊቱ በእርግጥ መድከሙ በምርመራ መታየት አለበት። ጉበት ብቻ ተቀብሎ በዓመቱ ውስጥ ኩላሊቱ ካላገገመ ደግሞ በኩላሊት ወረፋ ቅድሚያ ያገኛል። እንግዲህ ሐኪሞቹ «የአንተ ኩላሊት ሊመለስ ይችላል፤ ለጊዜው ጉበቱን ብቻ» ካሉት፣ ሁለተኛው ልብስ ያኔ መጣ ማለት ነው። ተሟግቶ አይውሰድ። ይህን እኔ ከምነግረው አንቺ ብትነግሪው ይሻላል።

ስለትሽ ላይም ጨምሪበት። ወንድምሽን በክርስትና ስሙ ታነሺዋለሽ። ኩላሊቷ ለወንድምሽ ስትደርስ የምትቀርበትን ወረፋ ጠባቂ ስም ግን አታውቂም። «ያ ወንድሜ» በዪው፤ ሰማዕቱ ያውቀዋል።

ጥላውን የምታስገቢ ቀን ጎረቤትሽንም ይዘሻት ነይ።