ጉልበት ርካሽ ነው ብላችሁ አትምጡ

በውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ገላን ውስጥ ወርክሾፕ ለመክፈት አስባችሁ ስትደውሉልኝ መጀመሪያ የምትጠይቁኝ «ሠራተኛ በስንት ብር ይገኛል?» ብላችሁ ነው። ከ19 ዓመት ስደት በኋላ ተመልሼ እዚሁ የብረታ ብረት ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

በኤሌክትሪክ ሙያ የተመረቀች ልጅ ቀጥሬ ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀመጥኳት። ማሽን በተበላሸ ቁጥር ጠጋኝ ከመርካቶ እስኪመጣ ሁለት ቀን ሥራ ይቆማል። በስምንተኛው ወር ልጅቷ «ልየው?» አለችኝ። የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን ከፍታ የተቃጠለውን ኮንታክተር (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውንና የሚያቋርጠውን ክፍል) ለየችው፤ ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ተነሣ። የትምህርት ማስረጃዋ ከፋይሌ ውስጥ ነበር፤ አላነበብኩትም። ያ ስምንት ወር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሁን የጥገና ክፍሉን የምትመራው እርሷ ናት።

የዓለም ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሰው ሀብት መለኪያ ሲንጋፖር 0.88፣ ኬንያ 0.55፣ ኢትዮጵያ 0.38 አግኝተዋል። በዚያ ስሌት እዚህ የሚወለድ ልጅ የተሟላ ትምህርትና ጤና ቢያገኝ ከሚደርስበት ምርታማነት 38 በመቶው ላይ ይቀራል ማለት ነው። ልብ ይሰብራል። መለኪያው ግን ልጁ አድጎ በተማረው ሙያ መሰማራቱን አያይም፤ ባንኩም በዚያው ዓመት የሥራ ስምሪትን ያካተተ ሌላ ስሌት ጨምሯል። ትምህርት ቤቱንና ሆስፒታሉን እኛ ብቻችንን አንሞላም። የተማረውን ሰው ከቦታው ማዋል ግን በቀጣሪው እጅ ነው።

በአገር ውስጥም ልዩነቱ ይታያል። ዱከም ላይ በ2012 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የሁዋጂያን ጫማ ፋብሪካ ኢትዮጵያውያንን አስቀድሞ ቻይና ልኮ አሠልጥኖ ነበር። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ ከገጠር የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች ደመወዛቸው ለቤት ኪራይና ለምግብ አልበቃ ብሏቸው ለቀው ሄደዋል። ሠራተኛ በለቀቀ ቁጥር የሠለጠነበት ጊዜ አብሮት ይሄዳል፤ በርካሽ የተቀጠረው ሰው በዓመቱ መጨረሻ እጅግ ውድ ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ በጀት ስታወጡ ከማሽኑ ዋጋ አጠገብ የሦስት ወር ሥልጠና ጻፉ። ከቃሊቲና ከአቃቂ ለሚመጡት የሰርቪስ መኪና አዘጋጁ፤ ጠዋት ሁለት ታክሲ ተጋፍቶ የደረሰ ሰው እጁ አይረጋም። ሥራ ፈላጊ ሲመጣም ማስረጃውን አንብቡ፤ ከዚያ መሣሪያ አስይዙትና አጠገቡ ቆማችሁ ሲሠራ እዩት።