የመጸዳጃ ቤቱ በር

ልጆቼ፣ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬያለሁ፤ ርዕሰ መምህርም ነበርኩ። ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ጠመኔ ለጨበጣችሁና በተማሪ ካውንስል ለተመረጣችሁ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አመራሩ ወደ ታች ይውረድ አለ። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ወረዳዎች በጀታቸውን በጥቅል ተቀብለው ራሳቸው መደልደል ጀመሩ። ቀበሌ ላይ ቦርድ፣ ትምህርት ቤት ላይ የወላጅ መምህር ኅብረት፣ ወመህ፣ ተቋቋመ፤ በኋላ ተማሪው ሲጨመርበት ወተመህ አልነው። ጥሩ ነበር። ግን የወረዳው በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው። ገበሬው "ተሳተፍ" ሲባል ባሕር ዛፍ ቁረጥ፣ ድንጋይ አቅርብ፣ ብር አዋጣ ማለት ሆነ። ሲወሰን ማን ጠራው?

በተማሪ ቁጥር ልክ የሚሰላው ድጎማ፣ ስኩል ግራንት የምንለው፣ ሲመጣ ዕቅዱን ለብቻዬ ጻፍኩት። የቢሮ ወንበርና ቀለም። ኮሚቴው ፈረመ። የተማሪዎች ተወካይዋም ፈረመች። ስንወጣ ጠብቃ፣ አንገቷን ደፍታ፣ "ጋሼ፣ የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር ከወደቀ ቆየ። ነጠላ ይዘን ነው እርስ በርስ የምንከልለው" አለችኝ። እስከ ዛሬ ያመኛል። ሥልጣኑ ከአዲስ አበባ እኔ ቢሮ ድረስ ወርዶ እዚያው ቆሟል። እሷ ጋ አልደረሰም።

ከዚያ በኋላ ዕቅድ ከክፍል እንዲጀምር አደረግሁ። እናንተም ከዚያ ጀምሩ። የክፍል አለቃ ስትሾሙ ቁመቱን አይታችሁ፣ የሚረብሹትን ስም እንዲጽፍላችሁ አይሁን። ተማሪዎቹ ይምረጡት፤ ካልሠራ ያውርዱት። በሰባት ዓመቱ አለቃውን ማውረድ የለመደ ልጅ ሲያድግ ቀበሌውን ለመጠየቅ አይፈራም ብዬ አምናለሁ። ወላጅንም በኅዳር፣ አጨዳ መሐል፣ በሥራ ቀን ጠርታችሁ "አይመጣም" አትበሉ። በበዓል ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ ጥሩት፤ ይመጣል። የገንዘቡን ዝርዝር በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ማንበብ ለማይችል አንብቡለት። እናንተ ተማሪዎች ደግሞ ያላነበባችሁት ቃለ ጉባኤ ላይ አትፈርሙ፤ ርዕሰ መምህሩ ቢቸኩልም።

በቀጣዩ ስብሰባ ያቺ ልጅ የክፍሎቹን ዝርዝር ቆማ አነበበች። በሩ አንደኛ ነበር። ድምጿ በትንሹ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አላቋረጥናትም። ስትጨርስ፣ ለዓመታት ጥግ ይዘው ዝም የሚሉ አንድ አባት ተነሡና "የአምናው ቀለም ደረሰኝ የት አለ?" አሉኝ። ቢሮ ሄጄ አመጣሁላቸው።