ዩኩሌሌ፦ ከእንጨቱ ስም በፊት የሚታዩ ነገሮች

ወንድሜ፣ ሌላውም አንባቢ እንዲከተል ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው። አጎትህ በሚቀጥለው ወር ከሜሪላንድ ይመጣል፤ 250 ዶላር ቆጥበሃል፤ እስካሁን እጅህ የለመደው ክራር ነው። ሦስት ዩኩሌሌ፣ ማለትም ትንሽ ጊታር የሚመስል ባለአራት ክር መሣሪያ፣ ለይተሃል፦ በ90 ዶላር ሁለመናው ኮምፔንሳቶ የሆነ የማሆጋኒ ኮንሰርት፣ በ230 ፊቱ ሙሉ (አንድ ወጥ ሳንቃ) ስፕሩስ የሆነ ቴነር ድምፁን ወደ ስፒከር ከሚያስተላልፈው ፒክአፕ ጋር፣ በ240 ደግሞ «ኮዋ» የተባለ ሶፕራኖ። (ሶፕራኖ፣ ኮንሰርትና ቴነር ከትንሹ ወደ ትልቁ የመጠን ስሞች ናቸው።) «በድምፅ የሚበልጠው የትኛው እንጨት ነው?» ብለሃል።

ከሦስቱ ብቻ ምረጥ ካልከኝ የ90 ዶላሩን ውሰድና ከተረፈው ላይ ለማስተካከያና ለክር አውጣ። ብሩን ሁሉ ላውጣ ካልክ ግን አራተኛ ፈልግ፦ ፊቱ ሙሉ ማሆጋኒ፣ ጀርባና ጎኑ ኮምፔንሳቶ፣ ፒክአፕ የሌለው ኮንሰርት። እንጨት ለውጥ የለውም ማለቴ አይደለም። በዚህ ዋጋ ግን ድምፁን የሚወስኑት ሌሎች ነገሮች ናቸው፤ ሻጮቹ ደግሞ እነሱን ገጹ ላይ አይጽፏቸውም።

ከኮዋው ልጀምር፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ኮዋ በተፈጥሮ የሚበቅለው ሃዋይ ላይ ብቻ ነው። የእኛ ግራር ዘመድ ነው፣ ለጨዋታ ያህል። ዩኩሌሌም የተወለደው እዚያው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1879 ከማዴይራ ደሴት ተሳፍረው ሆኖሉሉ የገቡ ፖርቱጋላውያን አናጺዎች የአገራቸውን ትንሽ ባለአራት ክር መሣሪያ በደሴቶቹ እንጨት እየሠሩ ነው ያስፋፉት። ስለዚህ «የዩኩሌሌ ድምፅ» ሲባል ብዙ ጆሮ ውስጥ ያለው የኮዋ ድምፅ ነው። ከ1916 ጀምሮ ሆኖሉሉ ውስጥ የሚሠራው የካማካ ቤት ሙሉ ኮዋ ዩኩሌሌ ዋጋ ሺህ ዶላር ገደማና ከዚያ በላይ ነው። በ240 ዶላር «ኮዋ» ሲሉህ አብዛኛውን ጊዜ ኮምፔንሳቶ ላይ የተለጠፈ እንደ ወረቀት የሳሳ የኮዋ ሽፋን ነው፤ ወይም እስያ ውስጥ የበቀለ የግራር ዓይነት ነው። የኋለኛው መጥፎ እንጨት አይደለም፤ በስሙ ዋጋ መጨመሩ ነው ችግሩ። ማሆጋኒም እንዲሁ ነው። በርካሹ ላይ «ማሆጋኒ» የሚባለው አንዳንዴ ሳፔሌ፣ አንዳንዴ ኦኩሜ የሚባል ሌላ እንጨት ሆኖ ይገኛል።

ሙሉ እንጨት መሆኑን የምታውቀው ከድምፅ ቀዳዳው ጠርዝ ነው። ሻጩን የጠርዙን ፎቶ በቅርብ ጠይቀው። የፊቱ የእንጨት መስመር ጠርዙን ተሻግሮ ወደ ውስጥ ሳይቋረጥ ከወረደ ሙሉ ነው። ሦስት ንብርብር ከታየህ ኮምፔንሳቶ ነው። ጠርዙ በቀለም ወይም በጌጥ ከተሸፈነ ደግሞ ጀርባውን እይ፤ ከውጭ አንድ ለየት ያለ መስመር ወይም ቋጠሮ ያዝና በቀዳዳው በኩል ከውስጥ ፈልገው። ቦታው ከገጠመ ጀርባው ሙሉ ነው። ማስታወቂያው ላይ «ሶሊድ ቶፕ» ካለ ፊቱ ብቻ ነው፤ «ኦል ሶሊድ» ካለ ሁለመናው ነው፤ ሁለቱንም ካላለ ኮምፔንሳቶ ነው ብለህ ቁጠረው።

ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሙሉው ፊት 2 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ አንድ ስስ ሳንቃ ስለሆነ በትንሽ ንዝረት ይንቀሳቀሳል። ኮምፔንሳቶው ግን መስመራቸው የተጣረሰ ንብርብሮች በኮላ የተያያዙበት ስለሆነ ይደድራል፤ ድምፁ ትንሽ ይታፈናል፣ ቶሎም ይጠፋል። በምትኩ በቀላሉ አይሰነጠቅም። አዲስ አበባ ከጥቅምት እስከ የካቲት አየሩ ደረቅ ነው፤ አጎትህ የሚነሳበት ቤትም በብርድ ወራት ማሞቂያ ሲነድበት ከዚያ የባሰ ይደርቃል። ሙሉ እንጨት ከገዛህ ጥበቃውንም አብረህ ገዛህ ማለት ነው።

ስለ እንጨቶቹ ጠባይ ደግሞ፣ ሙሉ መሆናቸውን ይዘን፣ እንዲህ ነው። ማሆጋኒ ለስላሳና ሙቅ ድምፅ አለው፤ አራቱም ክሮች እኩል ይሰማሉ፤ ዘፈን ለማጀብ አያስቸግርም። ስፕሩስ ይጮኻል፤ ጣትህ ክሩን ሲለቅ የሚሰማው መነሻ ስለታም ነው፤ ለነጠላ ዜማ ጥሩ ሲሆን በጀማሪ እጅ ግን እያንዳንዱን ስህተት አጉልቶ ያሰማል፤ ነጭ ፊቱም በጥፍር ይጫጫራል። ሲዳር ለቀላል ጣት ቶሎ ይመልሳል፤ በኃይል ስትገርፈው ግን ከአንድ ደረጃ በላይ አይሄድልህም፤ ጥፍር ብትጫንበት ምልክቱ ይቀራል። ስሙን ሰምተህ የእኛ ጥድ እንዳይመስልህ፣ ሌላ ዛፍ ነው። ኮዋ በማሆጋኒና በስፕሩስ መካከል ነው፤ ቀጭኑ ድምፅ ላይ ጣፈጥ ይላል። ማንጎ የሚገዛው ባመዛኙ ለመልኩ ነው። ነብርማ ሞገድ ያለበት ኮዋ ሲወደድም የምትከፍለው ለዓይንህ ነው፤ ሞገዱ ድምፅ አይጨምርም። ኮምፔንሳቶ ላይ ደግሞ ይህ ሁሉ ዝርዝር ከሞላ ጎደል ይጠፋል፤ በኮምፔንሳቶ ማሆጋኒና በኮምፔንሳቶ ኮዋ መካከል ጆሮህን አታድክም፤ የወደድከውን ቀለም ውሰድ።

መጠኑን በክሩ የሚንቀሳቀስ ርዝመት ነው የምንለየው፤ ሶፕራኖ 35፣ ኮንሰርት 38፣ ቴነር 43 ሴንቲሜትር ግድም። ከሁሉ የሚተልቀው ባሪቶን ቅኝቱ ሌላ ስለሆነ እንተወው። ሶፕራኖ ላይ ፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ የተተከሉት የብረት መስመሮች) ይቀራረባሉ፣ ለአዋቂ ሰው ጣት ከአምስተኛው ፍሬት በላይ ይጠባል። ቴነር ሰፊ ነው፤ ነገር ግን ክሩ ይበልጥ ስለሚወጠር የግራ እጅን ያደክማል። በክራር ላይ ግራ እጅህ ግርፍ ስትጫወት ሥራው የማይፈለገውን ክር ማፈን ነው፤ እዚህ ተገልብጦ፣ የተጫንከው ነው የሚሰማው። ጣትህ ያን እስኪለምድ ኮንሰርት ይሻልሃል። የአንገቱን ስፋትም ጠይቅ። ነቱ ላይ፣ ማለትም አንገቱ ከመቃኛው በሚገናኝበት በኩል፣ 35 ሚሊሜትር ከሆነና ጣትህ ወፍራም ከሆነ 38 ፈልግ፤ ሦስት ሚሊሜትር ትንሽ ይመስላል እንጂ ሦስት ጣት ሁለተኛው ፍሬት ላይ ሲደረደር ትለየዋለህ።

አሁን ዋናው ነገር። ርካሽ ዩኩሌሌ «አይቃኝም» ተብሎ የሚጣለው ብዙውን ጊዜ ነቱ ስለሚረዝም ነው። ነት ማለት ክሮቹ ከመቃኛው በኩል የሚያርፉበት ትንሽ ነጭ ዘንግ ነው። ፋብሪካው ስንጥቆቹን ጠለቅ አድርጎ ከቆረጠ ክሩ ፍሬቱን ይነካና ይንዛረጣል፣ ዕቃውም ይመለሳል፤ ስለዚህ ከፍ አድርጎ ይተዋቸዋል። ክሩ ከፍ ሲል አንደኛውን ፍሬት ስትጫን ክሩን ትስበዋለህ፣ ድምፁም ከሚገባው በላይ ይወጣል። ባዶውን ክር አስተካክለህ ትቃኛለህ፣ ኮርድ ስትይዝ ይበላሻል፣ እንደገና ትቃኛለህ፣ መጨረሻ የለውም።

ፈተናው ቀላል ነው። ክሩን ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጫንና አንደኛው ፍሬትና ክሩ መካከል ያለውን ክፍተት እይ፤ አንድ ተራ ወረቀት የምታህል፣ 0.1 ሚሊሜትር አካባቢ፣ ከሆነች ደኅና ነው። በስልክህ የቲዩነር አፕ ደግሞ ባዶውን ክር በትክክል ቃኝ፣ አንደኛውን ፍሬት በለዘብታ ተጫን፤ መርፌው ከ10 ሴንት (አንድ ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው) በላይ ወደ ላይ ከሄደ ነቱ መቆረጥ አለበት። ቀጥሎ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ የክሩን ከፍታ ለካ፤ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ሥር 2.5 ሚሊሜትር ጥሩ ነው። መለኪያ ከሌለህ የኤቲኤም ካርድ 0.76 ሚሊሜትር ነው፤ ቁጥሩ ያላበጠ ሦስት ካርድ ደርበህ ክሩን ሳይገፋ መግባት አለበት፤ አራተኛው ላልቶ ከገባ ከፍ ብሏል። እዚያው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫን በጣትህ ብቻ ነክተህ ምታ፣ ከዚያ ተጭነህ ምታ፤ ሁለቱ ድምፆች በ5 ሴንት ውስጥ ከሆኑ እሰየው፤ ከ10 ካለፉ አትቀበለው።

ብሪጁ (ክሮቹ ፊቱ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት) ላይ ያለውን ሳድል፣ ክሮቹ የሚያርፉበትን ዘንግ፣ ራስህ ልታሳንሰው ትችላለህ። ክሩን አላላ፣ ሳድሉን አውጣ፣ መስታወት ላይ በተነጠፈ ብርጭቆ ወረቀት የታችኛውን ጎኑን ብቻ ቀጥ አድርገህ ፈግፍግ። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ 0.5 ሚሊሜትር ለመቀነስ ከሳድሉ 1 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ እጥፍ መሆኑን አትርሳ። ከላይ በኩል አትንካው፤ ሥሩም ከተንሻፈፈ ኋላ ፒክአፕ ስታስገባ አንዱ ክር ድምፁ ይሞታል። ነቱን ግን በቢላዋ አትሞክር። የክሩን ውፍረት የምታህል ሞረድ ያለው ሰው ይሥራው፤ ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ዩኩሌሌን ለይተው ከሚሸጡ፣ ከመላካቸው በፊት አስተካክለው ከሚልኩ መግዛት ነው። 20 ወይም 30 ዶላር ቢጨምሩብህ እንኳን ከማንኛውም እንጨት ይበልጥ ያተርፍሃል።

ክር ላይ ስንመጣ፣ ለክራር ተጫዋች ደስ የሚል ነገር አለ። የዩኩሌሌ ቅኝት ከአራተኛው ክር ጀምሮ ሶል ዶ ሚ ላ ነው፤ አራቱም ባዶ ክሮች በዶ ላይ የተመሠረተ የትዝታ ሜጀር ውስጥ ናቸው። የጎደለችው ሬ ብቻ ናት፣ እሷም ሦስተኛው ክር ሁለተኛው ፍሬት ላይ አለች። ትዝታ ማይነርን ከላ ጀምረህ ብትጫወተው ደግሞ ላ፣ ሲ፣ ዶ አንደኛው ክር ላይ ባዶ፣ 2፣ 3 ናቸው፤ ሚና ፋ ሁለተኛው ክር ላይ ባዶና 1። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከሚ ብትጀምራቸው አምባሰል ይሆናሉ።

ችግሩ፣ በተለመደው አሰካክ አራተኛው ክር ቀጭን ሶል ነው፤ ከዶ በታች የምትወርድበት የለህም። ዜማው ከመነሻው በታች ወደ ላና ሶል ሲወርድ ትቆማለህ። ስለዚህ ዜማ የምትለቅም ከሆነ «ሎው ጂ» (ዝቅ ያለው ሶል) የሚባለውን ወፍራም ክር እዘዝ። ቀጭኑ 0.6 ሚሊሜትር ግድም ነው፣ ወፍራሙ፣ ብረት ያልተጠመጠመበት ፍሎሮካርቦን (የፕላስቲክ ዓይነት)፣ ደግሞ ወደ 0.9 ይደርሳል። ስለዚህ ነቱ ላይ ያለው ስንጥቅ ካልሰፋ ክሩ አናቱ ላይ ይንጠለጠላል፣ ያው የነት ችግር ተመልሶ ይመጣል። አስተካክለው ለሚልኩት ከመጀመሪያው «ሎው ጂ ይሁን» በላቸው። በብረት የተጠመጠመው ዓይነት ድምፁ ወፍራም ነው፤ ጣት ሲንሸራተትበት ግን ይጮኻል፣ ቶሎም ያልቃል። ዘፈን እያጀብክ መግረፍ ብቻ ከሆነ ያሰብከው ግን ቀጭኑን አትለውጠው፤ ያ ፍንጥርጥር ያለ ድምፁ ከእሱ ነው የሚመጣው። ናይለን ለስላሳ ነው፣ ፍሎሮካርቦን ቀጠን ብሎ ብሩህ ነው፤ ሁለቱም አዲስ ሲሆኑ ለአራት አምስት ቀን እየተለጠጡ ቅኝት ይለቃሉ፣ ዕቃው ተበላሸ ብለህ እንዳትደነግጥ። የጊታር የብረት ክር ግን በፍጹም፤ ውጥረቱ ብሪጁን ከፊቱ ላይ ነቅሎ ያነሳዋል።

መቃኛው ጥርስ ያለው ይሁን፤ 14 ለ1 በቂ ነው። ጥርስ የሌለው፣ በጥብቀት ብቻ የሚይዘው ያምራል፣ ይቀላልም፣ ክራር የቃኘ እጅም አይፈራው ይሆናል፤ በርካሽ ዕቃ ላይ ግን ወይ ይለቃል ወይ ይነክሳል። የሚያብረቀርቅ ይሁን የደበዘዘ ቫርኒሽ፣ የተቆረጠ ትከሻ፣ የክንድ ማሳረፊያ፦ ሁሉም እንደ ምርጫህ፣ ዋጋ አትጨምርባቸው።

ፒክአፑን ተወው። ባትሪ የሌለውን ዓይነት በቀጥታ ስፒከር ላይ ብትሰካው ድምፁ ቀጥኖ እንደ ቆርቆሮ ይሆናል፤ ድምፁን አስቀድሞ የሚያጎላ ፕሪአምፕ ይፈልጋል። ባትሪ ያለው ደግሞ ጎኑ ተቀዶ የሚገባ ሣጥን አለው፤ በ230 ዶላር ውስጥ ለሱ የሄደው ገንዘብ ከእንጨቱና ከአሠራሩ የተቀነሰ ነው። መድረክ ላይ ስትወጣ ኋላም ይገባል።

ለጉዞው አጎትህ ጠንካራ ሣጥን ውስጥ አድርጎ አብሮት ይያዘው፤ ክሩን በአንድ ድምፅ ያህል ያላላው። ሙሉ እንጨት ከሆነ ሣጥኑ ውስጥ አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ አስገባ፤ ከ45 እስከ 55 በመቶ ይሁን። ከ40 በታች ከወረደ፣ የተበሳሳ የሳሙና መያዣ ውስጥ የራሰና በደንብ የተጨመቀ ስፖንጅ አድርገህ ከመቃኛው በኩል አስቀምጥ፤ እንጨቱን አይንካ፣ አይንጠባጠብ። መድረቁን የሚነግርህ መጀመሪያ እጅህ ነው፤ አንገቱን ስትዳብስ የፍሬቶቹ ጫፍ ይቧጭርሃል፣ እንጨቱ ተሰብስቦ ብረቱ ስለሚወጣ። ከዚያ ፊቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ በመጨረሻ ይሰነጠቃል። ዱባይና ጂዳ ያላችሁ ደግሞ መኪና ውስጥ አትተዉት፤ በዚያ ሙቀት ኮላው ይለቃል፣ ያኔ ኮምፔንሳቶ መሆኑም አያድነውም።

ለሻጩ የምትጽፍለት ይህን ያህል ነው፦ የቀዳዳው ጠርዝ ፎቶ፣ የነቱ ስፋት በሚሊሜትር፣ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ያለው ከፍታ፣ ሎው ጂ ሲገባ ነቱን ያሰፉ እንደሆነ። አራቱን ከመለሰልህ ግዛው። «እውነተኛ ኮዋ ነው» ብሎ ብቻ ከመለሰልህ ሌላ ሻጭ ፈልግ።